ደህና የነበረው ኩሽኔታ

ይህን ለባለቤቴ ነግሬያት አላውቅም። ነፍስ አባቴ ፊት ቀርቤ ሐሜቴንና ቁጣዬን ስዘረዝርም፣ እዚህች ላይ ስደርስ ዘልያት አልፋለሁ። እናንተ ፊቴን ስለማታዩት ለእናንተ መናገር ይቀለኛል። ደህና የነበረውን ኩሽኔታ አልቋል ብያለሁ። ተሳስቼ አይደለም፤ እያወቅሁ ነው ያልኩት።

ነገሩ የሆነው ገርጂ፣ በአማቴ በጋሽ አሰፋ ቤት ነው። ጋሽ አሰፋ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ሰርቪስ ቤቱን አጽድተው አንዲት ትንሽ የእንጨት ቶርኖ ተከሉበት። እሷ እንጨቱን ይዛ ታሽከረክራለች፣ እሳቸው በመሮ ቅርጽ ያወጡለታል፤ የሻማ ማስቀመጫ፣ መዳመጫ፣ የበር እጀታ፣ ያሰኛቸውን ሁሉ። እኔ ያኔ ልጃቸውን ሜሮንን ካገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። አማትና አማች እንደሚሆነው ነበርን። እሳቸው «ደህና ነህ ኢንጂነር?» ይላሉ፣ እኔ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ወደ ቴሌቪዥኑ እንዞራለን። እኔ አባቴን ያጣሁት በልጅነቴ ነው። ይህን ለማመካኛ አላነሳሁትም፤ ግን ከዘለልኩት ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል።

አንድ ቅዳሜ ቶርኖዋ ማንኳኳት ጀመረች። ጋሽ አሰፋ «ኩሽኔታው ሳይሆን አይቀርም፤ እስቲ አንተ እይልኝ፣ ሙያህ ነው» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር እኔ ቦሌ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ መስመር ሳሰምር የምውል ሰው ነኝ። ቢሆንም ኩሽኔታ መመርመር አልጠፋኝም። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ከሞተሩ ወደ ዘንጉ የሚዞረውን ቀበቶ ፈታሁና ኩሽኔታው የተሸከመውን ዋናውን ዘንግ በእጄ አዞርኩት። ለስላሳ ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ኩሽኔታው ያለበት ቦታ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ደግሜ አዞርኩት፤ ምንም አይንኮሻኮሽም። ወደ ላይ ወደ ታች ገፋሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ቀበቶውን በጣቶቼ መሀል አሳለፍኩት፤ አንድ ቦታ ላይ ደርቆ አብጧል። የሚያንኳኳው እሱ ነበር። አዲስ ቀበቶ ገዝተን ብንመለስ ሥራው ከምሳ በፊት ያልቃል።

ካለቀ በኋላስ? ወደ ቴሌቪዥኑ ልንመለስ ነው። ጋሽ አሰፋ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ የታመመ ልጁን ሐኪም ዘንድ ያመጣ ሰው መስለው አፍ አፌን ያያሉ። እንደዚያ ከአፌ የሚወጣውን ቃል በጉጉት የጠበቀ ሰው ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም። «ኩሽኔታው አልቋል ጋሼ፤ መቀየር አለበት» አልኩ።

«ብዬ አልነበር?» አሉ ደስ ብሏቸው።

ኩሽኔታ ፍለጋ በየቅዳሜው መውጣት ጀመርን። ያንን ፍለጋ እንዴት እንደወደድኩት እንዴት ልንገራችሁ? ጋሽ አሰፋ በስልክ የሚጠራ ታክሲ አይሆንላቸውም፤ ሚኒባስ ተጋፍተን እንገባለን፣ እሳቸው «ይቺ ወንበር ሦስት ሰው ትይዛለች ያለህ ማነው?» እያሉ ከወያላው ጋር ይከራከራሉ፣ ስንወርድ ደግሞ ያንኑ ወያላ መርቀውት ይወርዳሉ። ኢምፔሪያል አካባቢ ያሉትን ሱቆች አዳረስን። ሲደክመን ጁስ ቤት ገብተን ስፕሪስ እንጠጣለን፤ የእሳቸው ያለ ስኳር ነው፤ የእኔን ግን በማንኪያ ይቀምሱልኛል።

ጉርድ ሾላ ላይ ትክክለኛው ኩሽኔታ ተገኘ። እጄ ላይ አዞርኩት። ቁጥሩም ጥራቱም እሱው ነው። «ይሄ ፎርጅድ ነው» አልኩ። ሻጩ «ኧረ ወንድሜ፣ ካርቶኑን እኮ ፊትህ ነው የከፈትኩት» ቢል ጋሽ አሰፋ «ልጄ ካለ አለቀ» ብለው እጄን ይዘውኝ ወጡ። ልጄ አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰነበትኩ። የሰው ስም አጥፍቶ፣ ሽማግሌ አታልሎ እንዲህ ደስ የሚለው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ያቺን ቶርኖ ግን የሚጠብቅ ሰው ነበር። የአጥር ጎረቤታቸው ጋሽ ተሰማ ከአማቴ ጋር ዳማ ሲጫወቱ ነው የኖሩት፤ አንዱ በተደፋ፣ አንዱ በተንጋለለ ቆርኪ። ጋሽ አሰፋ በእጄ የእንጨት ጠጠር እሠራልሃለሁ ብለው ቃል ገብተውላቸው፣ ጥቁሮቹን ከወይራ ጨርሰው ነጮቹን ሊጀምሩ ሲሉ ነው ቶርኖዋ ያንኳኳችው። ጋሽ ተሰማ ልባቸውን ያማቸዋል። እኛ ባዶ እጃችንን በተመለስን ቁጥር በር ላይ ቆመው «እንግዲህ ለተዝካሬ ትደርሳለች» ይሉናል። ጋሽ አሰፋ «አንተ እኮ ሰበብ ነው የምትፈልገው፤ በቆርኪም ተሸናፊ ነህ» ይሏቸዋል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሰውየው መታመማቸውን አውቃለሁ፣ ኩሽኔታው ደህና መሆኑን አውቃለሁ፣ እስቃለሁ።

ጋሽ ተሰማ ነጮቹን ሳያዩ ሞቱ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጋሽ አሰፋ ከጎኔ ተቀምጠው ኮት ኪሳቸው ውስጥ የወይራ ጠጠሮቹን ሲያንቀጫቅጩ ይሰማኝ ነበር። «አልደረስኩለትም» አሉኝ። «አንተም ለፋህ ልጄ። ምን ታደርገው፣ ኩሽኔታው ነው።» ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። «አይዞዎት ጋሼ» አልኩ። ከውሸቴ ሁሉ ያቺ «አይዞዎት» ትብስብኛለች።

ከአርባው በኋላ ጉርድ ሾላ ብቻዬን ሄጄ ያንኑ ኩሽኔታ ገዛሁ፤ ቀበቶውንም አብሬ ቀየርኩ። ጋሽ አሰፋ ነጮቹን ጨረሱ። ይኸው ስንት ዓመት ሆነን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሽ ተሰማ ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀምጬ ዳማ እጫወታለሁ፣ እሸነፋለሁ፣ ይሰድቡኛል። የተመኘሁት ይህንን ነበር፤ አገኘሁት። ያወጣሁት ኩሽኔታ ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። አንዳንዴ አውጥቼ አዞረዋለሁ፤ ድምፅ የለውም።

ይቅር በሉኝ ብዬ አላስቸግራችሁም። ይቅር ማለት ከሚችሉት አንዱ ሞተዋል። በሕይወት ላሉት ያልነገርኳቸው ደግሞ ያኔ በዋሸሁበት በዚያው ምክንያት ነው፤ ቅዳሜዬን እንዳላጣ።

ዛሬ ጠዋት ጋሽ አሰፋ ደወሉልኝ። «ያ ማንኳኳት ተመልሷል፤ ኩሽኔታው ነው መሰለኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ነገ ገርጂ እሄዳለሁ። ቀበቶውን ፈትቼ ዘንጉን በእጄ አዞራለሁ፣ በካቻቢቴውም አዳምጣለሁ። ከዚያ የድሮውን ኩሽኔታ ከኪሴ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ፣ ራሳቸው ያዙሩት። ቀበቶው ነው ጋሼ፣ እላቸዋለሁ። ያኔም ቀበቶው ነበር።