አባባ የተንበረከኩለት መንገድ

አባባ፣ የውዱእ ማንቆርቆሪያዎ ዛሬም በሩ ሥር እንደተቀመጠ ነው።

ሆጤ ሰፈር፣ በራችን ላይ ያለውን ጭቃ መንገድ ከጎረቤት ጋር ሆነው ጠጠርና ኖራ ቀላቅለው ከደለደሉት ወዲህ፣ ለሶላት ከታጠቡበት ከውዱእ የተረፈዎትን ውሃ እሱ ላይ ያፈሱ ነበር። ውሃው ወደ ቦዩ ከወረደ "አልሐምዱሊላህ፣ መንገዱ አልጠጣም" ይላሉ። ከሰረገ ግን ፊትዎ ይጠቁራል። እኔ ፈተና ስወድቅ እንኳ እንዲያ አልጠቆረም!

ልጅ ሳለሁ የሆነ አንድ ኢድ አይረሳኝም። ጠዋት ዘንቦ ነበር። ለበዓሉ ከኮምቦልቻ ሥራዎ ሲመለሱ በአዲሱ ቀሚሴ እየሮጥኩ መጣሁ፤ እርስዎም ተንበረከኩ። ሊያቅፉኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። እርስዎ ግን ጉንጭዎን ወደ ጠጠሩ አስጠግተው፣ "እስቲ ዞር በይ ልጄ፣ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ልየው" አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንን መንገድ እንደ ጣውንት ነው የማየው።

የእርስዎን ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ አንዲት ጎረቤትም፣ "በዚህ ክረምት ጫማችንን ጭቃ አልነካውም። የእሳቸው ልጅ ይሄ መንገድ ነው" አሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ!

ዛሬ ማንቆርቆሪያዎን ሞልቼ ወጣሁ። አላህ ይቅር ይበለኝና፣ እንዲጠጣ እየተመኘሁ መንገዱ ላይ አፈሰስኩት። አንዲት ጠብታ አላስገባም። ላረጋግጥ ብዬ እንደ እርስዎ ተንበረከክሁና ጉንጬን ወደ ጠጠሩ አስጠጋሁ። ውሃው ሁሉ ወደ ቦዩ ሲወርድ አየሁት።

ብዙ ቆየሁ፣ አባባ። ዞር በይ የሚለኝ ግን አጣሁ።