ያልተከተበው ውሻችን

አባቴ ሳነቴ አምባ ላይ የፓርክ ጠባቂ ነበሩ። ዕድሜያቸውን የፈጁት በፈረስ እየዞሩ ቀይ ቀበሮዎችን ሲከታተሉ ነው። ጎባ ቤታችን ሲመለሱም ወሬያቸው እሱ ነበር፤ የትኛዋ ወለደች፣ የትኛው ከቤተሰቡ ተለይቶ ሄደ። ከሁሉም አብልጠው የሚወዷት አንዲት ጆሮዋ የተቀደደ እናት ቀበሮ ነበረች። «ዛሬ አየችኝ» ይላሉ እንጂ «አየኋት» አይሉም።

እኔ ያን ጊዜ ሮቤ ዩኒቨርሲቲ እማር ነበር፤ ቅዳሜና እሁድን ጎባ ነው የማሳልፈው። እናቴ ከሞተች ወዲህ የቤቱ ኃላፊነት የእኔ ነበር። አንድ ዓርብ አባቴ ወደ ተራራው ሲወጡ፣ በማግስቱ ውሻ የሚከትቡ ሰዎች ሰፈራችን እንደሚመጡ ነገሩኝና ውሻችንን አስሬ እንድጠብቃቸው አደራ አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ጓደኛዬ ደወለች፤ ሮቤ የእህቷ ሰርግ ነበር። ለአንድ ጊዜ ቢቀር ምን ይሆናል ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አባቴ ተመልሰው ሲጠይቁኝ ተከትቧል አልኳቸው።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ውሻው ከቤት ጠፋ። በአራተኛው ቀን አባቴ እዚያው ሳነቴ ላይ አገኙት፤ ከቀበሮዎቹ ጉድጓድ ብዙም ሳይርቅ ለሃጩን እያዝረበረበ ይንገዳገዳል። በስሙ ቢጠሩት አላወቃቸውም። መሣሪያ የያዘ ባልደረባቸው ተኩሶ ገደለው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቀበሮዎቹ መሞት ጀመሩ። የእንስሳት ሐኪሞቹ መጥተው ሬሳ ሲሰበስቡ መንገድ የሚመሯቸው አባቴ ነበሩ። ጆሮዋ የተቀደደችው የተገኘችው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጅብራ ከሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ሥር ተኝታ። በሽታው የእብድ ውሻ እንደሆነ በምርመራ ታወቀ። ሐኪሞቹ ከየትኛው ውሻ እንደመጣ ማወቅ አይቻልም፣ አካባቢው በውሻ የተሞላ ነው ብለው ነበር። እኔን ግን አላጽናናኝም።

የምርመራው ውጤት በተነገረን ቀን አመሻሽ ላይ አባቴ ጓሮ ኮርቻ ሲያወርዱ አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ።

«አባዬ፣ ውሻውን አላስከተብኩትም። ዋሽቼዎታለሁ።»

እጃቸው ኮርቻው ላይ እንዳለ ቀረ። «ጠርጥሬ ነበር» አሉኝ። «የክትባቱን ወረቀት አሳዪኝ ብል ታፍሪያለሽ ብዬ ተውኩት። ጥፋቱ የእኔም ነው።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ኮርቻውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉ፤ ለፈረሱ ገብስ ሰጡ፤ ከዚያ ራት ሳይበሉ ተኙ።

ጡረታቸው እስኪደርስ ቀበሮዎቹ ወዳለቁበት ቦታ ላለመመደብ ሲለምኑ እንደኖሩ የሰማሁት ቆይቼ ነው። አሁን ሮቤ እኔ ዘንድ ይኖራሉ። አምና የድሮ ባልደረባቸው ስልክ ደውሎ ሁለት ቀበሮዎች በቦታው መስፈራቸውን አበሠራቸው። እሳቸውም አመስግነው፣ የባልደረባቸውን ልጆች ደህንነት ጠይቀው ስልኩን ዘጉ። መኪና ተከራይቼ ልውሰድዎት ወይ አልኳቸው።

«አንቺ ሄደሽ እያቸው» አሉኝ። «እኔ ይቅርብኝ።»

እስከ ዛሬ አልሄድኩም።