የማዳም አፈር

ጅቡቲ ከተማ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ማዳሜ ፈረንሳዊት ናት፤ ሥራዋ፣ በዚህ ሙቀት፣ በረዶ ማጥናት ነው። በየዓመቱ ሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ወዳለው የበረዶ ምድር ሄዳ የበረዶውን ውፍረት ትለካና ከሥሩ አፈር ቆፍራ ታመጣለች። አፈሩን ፍሪዘር ውስጥ ትቆልፍበታለች፤ መብራት በጠፋ ቁጥር እንደታመመ ልጅ ትጨነቅለታለች። እኔ እንዲህ ሲከበር የማውቀው አፈር ከገዳም የሚመጣው፣ ሕመምተኛ የሚቀባው እምነት ብቻ ነው።

አንድ ቀን ፍሪዘሩን ሳትቆልፍ ወጣች። አማትቤ ቆንጠር አደረግሁና የሚያመኝን ጉልበቴን ቀባሁት። እውነቴን ነው፣ ቀለል አለኝ።

ስትመለስ የአፈሩን ከረጢት መዘነችው፤ ጎድሏል።

«ማነው የነካው?» አለችኝ።

አልዋሸኋትም፤ ጉልበቴን አሳይቼ ቀለል እንዳለኝ ነገርኳት። ጎንበስ ብላ አየችውና ሱሪዋን ወደ ላይ ሰበሰበች።

«በረዶ ላይ ስንበረከክ ነው የከረምኩት» አለችኝ። «እኔንም ቀቢኝ።»