በላሟ በኩል ያለው ግድግዳዬ

መቼ እንደነበረ ቁርጡን አላስታውስም። ሚያዝያ ይሁን ግንቦት፣ ብቻ ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል። የምኖረው ሀና ማርያም፣ ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። የኋላ ግድግዳዬ ለጎረቤቴም የላሙ በረት ግድግዳ ነው። ጎረቤቴ ሰፈሩ እርሻ በነበረ ጊዜ እዚህ ከነበሩት ሰዎች የተወለደ ነው፤ ዛሬ ሚኒባስ ይነዳል፣ ላም ማርባቱን ግን አልተወም። ታዲያ ላሟ ጎኗን ስታክክ ስታክክ ምርጊቱን አራግፋው እንጨቱ ታየ። የበረቱ ጣራ ያፈሳል፤ ክረምቱ ሳይገባ ካልመረግሁት ግድግዳው አልጋዬ ላይ መውደቁ ነው።

ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጬ አቦካሁና ለጎረቤቴ ነገርኩት።

«አባባ፣ እኔን ምን ያስፈቅዱኛል? ይግቡ እንጂ! የምታስቸግረው እሷ ናት። ከወለደች ሳምንቷ ነው፤ ከእናቴ በቀር ሰው አታስጠጋም» አለኝ።

«እኔ ከብት አውቃለሁ» ብዬ ፍሩሽካ ይዤ ገባሁ። ፍሩሽካውን ጥርግ አድርጋ በላች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና በቀንዷ መጣች። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ መሮጥ እንደምችል አላውቅም ነበር።

የጎረቤቴ እናት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ ከምስማር ላይ አንድ አሮጌ ቀሚስ አወረዱ።

«እንካ፣ ደርበው። ሳልብ የምለብሰው ነው፤ ሽታዬን ታውቀዋለች።»

«እትዬ፣ በሽምግልናዬ ቀሚስ? ሰው ቢያየኝስ?»

«ግድግዳው ሲወድቅብህ ሱሪህ ያድንሃል?»

ለበስኩት። ሻሻቸውንም ጨመሩልኝ። ላሟ እጅጌዬን አሽትታ ወደ ጥጃዋ ዞረች። እኔም ቀስ እያልኩ መመረግ ጀመርኩ፤ እሳቸው ከደጃፍ ሆነው «ከታች አላዳረስከውም! ምኑን ነው የምታየው?» ይሉኛል።

እኩለ ቀን ላይ አንዲት ሴት ወተት ልትገዛ መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

«እማማ፣ ወተት አለ?»

ላሟ እንዳትደነግጥ ሳልዞር፣ በዚህ ጎርናና ድምፄ፣ «ገና እንገር ነው፣ ልጄ» አልኳት።

«በኢየሱስ ስም!» ብላ ጆጓን ጥላ ወጣች። እትዬ ከሳቃቸው የተነሳ ሊጠሯት እንኳ አልቻሉም።

በማግስቱ ቀሚሱን ደግሜ ለብሼ ግድግዳውን በእበት ለቀለቅሁት። ዝናቡ ሲመጣ ግድግዳው ደርቆ ጠበቀው። ያን ክረምት በደረቅ አልጋ ያስተኙኝ እሳቸው ናቸው፣ የጎረቤቴ እናት።