እናቴ የቋጠረችው ብልቃጥ

የሐኪም ቤት አልኮል ሲሸተኝ እናቴ ትዝ ትለኛለች። በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ ነው፤ አምቦ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ረፋዱን ሙሉ ተሰልፈን ደክሞናል። ድሬሰር የሚባለው የጤና ረዳት መርፌ ሲያዘጋጅ፣ ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈትታ ባዶ ብልቃጥ አወጣች።

«ኦቦ፣ መድኃኒቱ ይኼ ከሆነ አይውጉኝ። ባለፈው ሊገድለኝ ነበር፤ ደሜ አይቀበለውም።»

«ሐኪሙ አንቺ ነሽ?» አላት።

«ገላው ግን የኔ ነው።»

ሰውየው ሁለቱን ብልቃጦች ጎን ለጎን ይዞ አነበበና መርፌውን አስቀመጠ። ደም እንዴት መድኃኒት አልቀበልም እንደሚል አልገባኝም፤ ሰው ሁሉ ስላየን ብቻ አፈርኩባት።

ዛሬ እኔው ልታከም ሄጄ ተራዬ ሲደርስ ነርሷ «የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?» አለችኝ። ዲግሪ አለኝ፤ አምና ፊቴን ያሳበጠውን ኪኒን ስም ግን አላውቀውም። ደክሞኝ ነበር።

«የለም» አልኳት።