የመያዝ ዕቁብ

ልጅ እያለሁ እንጦጦ ላይ ጫካ በእግሩ ይሄድ ነበር። አትሳቁ! አመሻሽ ላይ ከኪዳነ ምሕረት በታች ካለው ቁልቁለት ቆማችሁ ብታዩ፣ ቤት የሚያህል የባሕር ዛፍ ቅጠል እየተንኮሻኮሸ ይወርድላችኋል። ከሥሩ የተሰነጣጠቁ ተረከዞች ይታያሉ። ከተረከዞቹ በላይ ያለችው እናቴ ነበረች። ጉንፋን የያዘው የሰፈር ልጅ ሁሉ ቀሚሷን አሽትቶ ይድን ነበር።

የደኑ ዘበኛ ጋሽ ደምሴ ይባላል። ሰይጣን ራሱ እሱ ዘንድ ሳይሠለጥን አልቀረም። ተራራው ላይ ማንንም አይይዝም። ከቅጠል ሸካሚዎቹ አንዷን ይመርጥና ከኋላዋ እያፏጨ ይወርዳል፤ ልክ የገዛ ቤቱ ደጃፍ ስትደርስ «አንቺ ሴትዮ፣ የመንግሥት እንጨት ነው፤ አውርጂ!» ይላታል። ከዚያ በጥፊ ይሸኛታል። የሚስቱ ማድቤት የሚነደው በዚህ ዘዴ ነበር።

በዚያ ዓመት ምንጫችን ደረቀ። የሸካሚዎቹ አለቃ እትዬ ዘነቡ፣ «ባሕር ዛፍ እንደ ሰካራም ባል ነው፤ ካላባረሩት የቤቱን ሁሉ ይጠጣል» አለች። ምንጩን የከበበውን ባሕር ዛፍ አጥፍተው ኮሶና ወይራ ሊተክሉ ተማከሩ። ግን ባሕር ዛፍ ቢቆርጡት አይሞትም፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ቡቃያውን ሳይታክቱ እየገነጠሉ ማሰልቸት ይጠይቃል። ጋሽ ደምሴ ካየ ደግሞ እስር ቤት ነው።

ስለዚህ የመያዝ ዕቁብ ገቡ። ዕጣ የወጣላት ሴት ትልቁን ሸክም ተሸክማ ሆን ብላ በፊቱ ታልፋለች። እሱ እሷን ተከትሎ ሲወርድ ሌሎቹ ምንጩ ዳር ይሠራሉ። ባለዕጣዋ ሸክሟንም የልጆቿን እራትም ታጣለች፤ በምትኩ ጥፊ ይደርሳታል።

እናቴ ዕጣው የወጣላት ቀን ጉንጯን ይዛ ትገባና «ዛሬ ጾም ነው» ትለናለች። በሃምሳው፣ ቄሱ እንኳን ሥጋ በሚበላበት ሰሞን፣ እኛ ቤት ጾም ነበር። ታናሽ እህቴ አንድ ማታ፣ «እማዬ፣ እኛ መነኩሴ ነን?» ብላ ጠየቀች። ሳቅን። ሆዳችን ግን አልሳቀም።

በሐምሌ ዕጣው ለእትዬ ዘነቡ ወጣ። ጭቃው ላይ ከነሸክሟ ተንከባለለች። ጋሽ ደምሴ ከላይዋ ቆሞ፣ «ተነሺ እንጂ፣ ገና ቤት አልደረስንም!» አላት።

«እንግዲህ ራስህ ተሸከመዋ፣ ጋሼ! ቤቱ ያንተ፣ እሳቱ ያንተ!» አለች፣ ጭቃ እየተፋች።

ወገቧ ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልቆመችም። ከዓመታት በኋላ ውሃው ሲመለስ በጀሪካን ቀድተው አልጋዋ ድረስ አመጡላት። ቀመሰችና «ጭቃ ጭቃ ይላል» አለች፣ ደስ ብሏት። ሳትሰነብት አረፈች።

ዛሬ ኮሶው ደመና ይጠርጋል፤ ምንጩም ይፈሳል። ዙሪያው ግን የአንድ ባለሀብት መዝናኛ ሆኖ በቆርቆሮ ታጥሯል። ባለፈው ቅዳሜ እናቴን አሁን ከምትኖርበት ከመሪ ኮንዶሚኒየም ወደ ምንጩ ይዣት ወጣሁ። ጥበቃው፣ የዛሬ ልጅ፣ ጨዋ ነው።

«ይቅርታ እማማ፣ ዛሬ የሠርግ ፎቶ አለ። ከሙሽሮቹ ወገን ነዎት?»

«እኔ የዛፎቹ ወገን ነኝ፣ ልጄ።»

«እሱን ቢሮ ይጠይቁልኝ።»

እናቴ ጆሮዋን አጥሩ ላይ ለጠፈች። «ይሰማል» አለችኝ፣ ዐይኗን ጨፍና።

«እማማ፣ አይደገፉ፤ አዲስ ቀለም ነው!»

ድሮ ከዚያ ምንጭ የምንመለሰው ጭቃ ለብሰን ነበር። አሁን እናቴ ግማሽ ፊቷ አረንጓዴ ሆኖ ተመለሰች። በመሐረቤ ስጠርግላት ይብሱን ተስፋፋ።

«እትዬ ዘነቡ ብታየኝ» አለች፣ «በሳቅ ትሞት ነበር።»