የወንድሜ ቅዳሜዎች

ዘይት ያጣ የብስክሌት ሰንሰለት ሲንቋቋ በሰማሁ ቁጥር፣ ዛሬም ሳላስበው ቀና ብዬ ወደ በሩ አያለሁ። ታቦር ሰፈር በነበረው ቤታችን፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ያ ድምፅ ከዳገቱ ሥር ሲሰማ እናቴ የያዘችውን ሥራ አስቀምጣ በር ላይ ትቆም ነበር። ወንድሜ ያሬድ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ ሳይጨርስ አንገቱን አቅፋ ትስመው ነበር፤ የምትስመው ግን ሲጋራ ሲጋራ ይል እንደሆነ ሸሚዙን ለማሽተት ነበር።

ያሬድ የተለወጠው በአንድ ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከእኔ ጋር ብይ ይጫወት የነበረው ልጅ፣ መስከረም ሲጠባ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርቶ፣ ድምፁ ጎርንኖ፣ ከንፈሩ ላይ ጥላ የመሰለ ጢም ብቅ ብሎ ነበር። ይሄስ የሁሉም ልጅ ነገር ነው። እማዬን ያስጨነቃት ዝምታው ነበር። ማዕድ ላይ የአባባን እጅ ማስታጠብ ትቶ፣ ማንቆርቆሪያውን ዝም ብሎ ወደ እኔ ይገፋው ጀመር። አባባ ከተማችን የክልል መቀመጫ በሆነችበት ሰሞን ከደሴ ተዛውረው የመጡ የግብርና ባለሙያ ነበሩ፤ ለመስክ ሥራ ወጥተው የሚያድሩባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ፣ ቤት ሲሆኑ ግን ያለ ፈቃዳቸው ራዲዮ እንኳ አይከፈትም ነበር። እማዬ «ይህን ልጅ ሰው ለውጦብኛል» ስትላቸው ግን፣ ያ ሁሉ ቁጣቸው የት እንደገባ ሳይታወቅ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዕድሜው ነው፤ ተይው» ይሏት ነበር።

ጥቅምትና ኅዳር በፍተሻ አለፉ። እማዬ ፍራሹን ታነሳለች፣ ጫት ቅሞ እንደሆነ ለማየት እያሳቀች ጥርሱን ታያለች፣ ከሱሪው ጠርዝ የደረቀ ጭቃ አራግፋ «ይሄ የሰፈራችን ጭቃ አይደለም» ትላለች። ሴት ይዞ እንደሆነም ጠርጥራ ነበር። በመጨረሻ እኔን «እግር በእግር ተከታተይው» ብላ አዘዘችኝ፤ ግን ብስክሌት የሚነዳ ሰው በእግር አይደረስበትምና፣ በየቅዳሜው ዳገቱ ሥር ላብ በላብ ሆኜ እመለስ ነበር።

ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ፣ ያሬድ ራሱ ቆም ብሎ ጠበቀኝና «ነይ ውጪ» አለኝ። ከኋላው አስቀምጦኝ ከከተማው ወጣ ብላ እስካለችው ቡሹሎ ድረስ ወሰደኝ። እንሰት የከበበው ግቢ ስንገባ አንዲት ወጣት ሴት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጥታ ተቀበለችን፤ ከኋላዋ አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ እየሮጠች መጥታ የያሬድን እግር አቀፈች። የልጅቷ ግራ ቅንድብ መሃሉ ላይ ክፍት ነበር። እንዲህ ያለ ቅንድብ የማውቀው አባባ ላይ ብቻ ነው።

«አየሻት?» አለኝ ያሬድ። «ክረምት ላይ ጓደኛዬ እጁ ተሰብሮ እዚህ ጤና ጣቢያ ይዤው መጣሁ። እሷን ታቅፎ ወረፋ ሲጠብቅ አገኘሁት። አባ ትለዋለች።»

«ማንን?»

«አባባን ነዋ።»

አባባን አንቱ ማለት ትቶ እንደማንኛውም ሰው ሲጠራቸው ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ከልጅቷ ይልቅ ያ አስደነገጠኝ።

«ታዲያ ለምን ትመላለሳለህ?»

«እኅታችን ናታ። እሷ ምን አጠፋች?»

«ለእማዬ ልትነግራት ነው?»

«ራሱ ይንገራት ብዬዋለሁ። እስከ ፋሲካ እጠብቀዋለሁ። ካልነገራት እጇን ይዤ እዚህ አመጣታለሁ።»

ያ ጾም አልገፋ አለኝ። አባባ ለመስክ ሲወጡ ጫማቸውን አያለሁ፣ እማዬ ከጎረቤት ጋር ስትስቅ ሳታውቅ አትቀርም ብዬ እሰጋለሁ፣ እሷ በበኩሏ እኔም ዝም ማለቴን አይታ ሁለታችንንም ትፈትሸን ነበር። ከሆሳዕና በኋላ አንድ ከሰዓት፣ የበልግ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አባባ ሁላችንንም ሳሎን አስቀምጠው ተናገሩ።

እማዬ አላለቀሰችም። «ስሟ ማነው?» አለች።

«ትዕግሥት» አሉ አባባ፣ መሬት መሬት እያዩ።

እማዬ ወደ ያሬድ ዞረችና፣ «ለካስ የማሸተው ሸሚዝ ተሳስቶብኝ ኖሯል» አለችው። ያሬድ ተነስቶ ጉልበቷን ሳመ፤ ከዚያም እንደ ልጅ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ያን ሁሉ ወር አባባን አፋጦ የቆየው ሰው አሥራ ስድስት ዓመቱ ብቻ መሆኑን ያስታወስነው ያን ጊዜ ነው።

እማዬና አባባ አልተለያዩም። እማዬ ግን አልጋዋን ወደ እኔ ክፍል አዛወረች፣ አባባ ለመስክ ሲወጡም ስንቅ መቋጠሩን ተወችው። ትዕግሥት ከቀጣዩ ክረምት ጀምሮ እኛ ቤት እየመጣች ትሰነብት ነበር፤ ፀጉሯን የምትሠራላት እማዬ ነበረች።

አሁን የእኔም ልጅ አሥራ አምስት ሞልቷታል። ሰሞኑን ክፍሏን ዘግታ ትውላለች፣ ስጠይቃት በአጭሩ ትመልስልኛለች። እናቴ ያኔ ጥርጣሬዋን ሁሉ በልጇ ላይ ነበር ያደረገችው፤ አባባን አምናቸው ነበርና። የእኔ ልጅ ዝም ስትል ግን ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ባለቤቴ ነው። ደግ ሰው ነው፣ እስካሁን ምንም አላገኘሁበትም። «ምነው እንዲህ ታዪኛለሽ?» ይለኛል እየሳቀ። እኔም እስቃለሁ፣ ማየቴን ግን አልተውኩም።